የጋሽ ማተቤ ግራ ጉልበት

ጋሽ ማተቤ ጉልበታቸው የተሰበረው ከትራክተር ወድቀው ነው ብሎ የነገራችሁ ሰው ካለ ዋሽቷችኋል። የወደቁት ከባጃጅ ነው። ያውም ከቆመ ባጃጅ፣ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከመተማ እስከ ቋራ የሰሊጥ መሬት ሲያርሱ ኖረዋል። ክረምት ላይ የገለጉ መንገድ ጭነት መኪና ሲውጥ በትራክተር ጎትተው የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። ድንበር ተሻግረው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ድረስ ሄደው አርሰዋል፤ ዓረብኛቸውንም ያመጡት ከዚያ ነው። እንግዲህ እኒህ ሰው ናቸው መተማ ዮሐንስ ጉምሩኩ አጠገብ ከባጃጅ እወርዳለሁ ሲሉ ነጠላ ጫማቸው ተይዞ በግራ ጉልበታቸው ድንጋይ ላይ ያረፉት። ወረፋ የሚጠብቅ የከባድ መኪና ሾፌር ሁሉ ቆሞ አይቷቸዋል።

እኔ ሀብትነሽ እባላለሁ፤ ነርስ ነኝ። የደባርቅ ልጅ ስሆን በዚህ ሙቀት ስቀቀል ይኸው አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የምኖረው ከጋሽ ማተቤ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ነው፤ የኔና የሳቸው በር ፊት ለፊት ነው። የበሽተኛ ምስጢር አወጣች እንዳትሉኝ ራሳቸውን አስፈቅጃለሁ። «ጻፊው፣ ባጃጁን ግን ተይው» አሉኝ። ባጃጁን ከተውኩትማ ምኑን ልጻፈው?

የጉልበታቸው ሎሚ ተሰንጥቆ ነበር። ጎንደር ተወስደው ጄሶ ታሰረላቸው፤ ሁለት ወር ቆይቶ ተፈታ። ሐኪሙ ሲያሰናብታቸው አንድ ነገር ደጋግሞ ነገራቸው። በየቀኑ ይነሱ፣ ይቁሙ፣ ይቀመጡ፣ ጉልበትዎን አጠፍ ዘርጋ ያድርጉ፤ በስድስት ሳምንት ውስጥ ካልታጠፈ እንደ እንጨት ደርቆ ይቀራል አላቸው። ይሄ ለሌላ ሰው ማነከስ ማለት ነው። ለጋሽ ማተቤ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ትራክተር ላይ ፍሪሲዮን የሚረገጠው በግራ እግር ነው። ጉልበት ካልታጠፈ ፍሪሲዮን የለም፤ ፍሪሲዮን ከሌለ ማርሽ አይገባም፤ ማርሽ ካልገባ ደግሞ ማተቤ የሚባል ሰው የለም።

የትራክተሩ ባለቤት ስንሻው ክፉ ሰው አይደለም። «እስከ ሰኔ አጋማሽ ሌላ ሾፌር አልቀጥርም። ከዚያ ወዲያ ግን ማተቤ፣ እኔ ብጠብቅህ ዝናቡ አይጠብቀኝም» ብሏቸው ሄደ። ያኔ ጊዜው ግንቦት መግቢያ ነበር።

እሳቸው ግን ተኙ። አንገረብ በሚሉት የገመድ አልጋ ላይ ግራ እግራቸውን ቀጥ አድርገው ዘርግተው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ መልሰው ተኙ። መጀመሪያ ሰሞን ጠያቂ ይመጣ ነበር። ጠያቂው ሁሉ ተቀምጦ፣ እግዜር ይማርህ ብሎ፣ ትንሽ ቆይቶ «ከየት ነው ግን የወደቅኸው?» ይላል። ያውቃል እኮ! ከዚያ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ይውጣል። በሦስተኛው ቀን በሩን ዝጊልኝ አሉኝ። እኔ የጠዋት ፈረቃዬን ጨርሼ ከሥራ በተመለስኩ ቁጥር እለምናለሁ።

«ጋሽ ማተቤ፣ በሞቴ ይነሱ።»

«ለማን ብዬ?»

«ለራስዎ ነዋ!»

«ለራሱ ብሎ የሚነሳ ሰው አይቼ አላውቅም» ይሉና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

ጨዋ ነርስ ነኝ አልላችሁም። አንድ ቀን «ይደርቅልዎ እንግዲህ!» ብዬ በሩን ወርውሬው ወጣሁና ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። እልኸኛ ሽማግሌ እወዳለሁ መሰለኝ፤ አለዚያ ምን አስለቀሰኝ?

የስልኩ ነገር የመጣው አንድ ቅዳሜ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ መተማ ላይ ዶሮ እንኳ አፏን ከፍታ ጥላ ሥር የምትጋደምበት ሰዓት ነው። ግድግዳ ከሚያዩ ምናለ ብዬ ስልካቸው ላይ «ትራክተር» ብዬ ጻፍኩና ሰጥቻቸው ወጣሁ። ልብሴን ሳልዘፈዝፍ ጩኸት ሰማሁ።

«አቁም! አንተ ሰውዬ አቁም! ማሽላውን ጨፈለቅኸው እኮ!»

ሮጬ ስገባ ስልኩን በሁለት እጃቸው አንቀው ይዘውታል። አንድ ፈረንጅ ላይቭ ገብቶ የእርሻ ጌም እየተጫወተ ነው። ትራክተሩ አዲስ፣ መሬቱ ለጥ ያለ፣ ሰማዩ አንድ ደመና የለበትም። ጋሽ ማተቤ እውነት መስሏቸዋል።

«ይሄ ደግሞ የት አገር ነው? አንድ ድንጋይ የለውም!»

«ጌም ነው ጋሽ ማተቤ።»

«ጌም ምንድን ነው?»

«ጨዋታ። ሰውየው ቤቱ ተቀምጦ ይጫወታል፤ ሌላው ሰው ደግሞ እሱ ሲጫወት ያያል።»

«ትራክተር ነው ጨዋታው?»

«አዎ።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ወገባቸው የተቆረጠበትን ሥራ አንድ ጎረምሳ በካልሲ ተቀምጦ እንደሚጫወትበት ሲያውቁ ስልኩን ትራሳቸው ሥር ወሸቁት። ከአንድ ሰዓት በኋላ «ሀብቴ» ብለው ተጣሩ። «እስቲ ያንን ጨዋታ መልሺው።»

ጣጣው የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ጋሽ ማተቤ ሰው የተሰበሰበበት ቤት ሰላም ሳይሉ ገብተው አያውቁም። ላይቭም ለሳቸው ቤት ነው። ፊደል እየፈለጉ መጻፍ ስለሚያታክታቸው ጸሐፊያቸው እኔ ሆንኩ። «ጻፊ። እንደምን ዋላችሁ፤ እኔ ማተቤ ነኝ፣ ከመተማ።» ጻፍኩ። ፈረንጁ ዝም። ሺህ ሰው ይጽፍለታል፤ በዚያ ላይ አማርኛ የት ያውቃል? «ድገሚው፤ አልሰማ ይሆናል» አሉ። ደገምኩት። ዝም። «ሰላምታ የማይመልስ ሰው ቤት ምን ልሠራ እቀመጣለሁ? ውጪልኝ» አሉ። ወጣን።

እንዲህ እያልን ሳምንት ሙሉ ቤት ለቤት ዞርን። አንዱ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ክፍሉን በቀይና በሰማያዊ መብራት ሞልቶታል። ሰላም ብንለው ቀና ሳይል «አንበሳ ላኩልኝ! ማነው ዛሬ አንበሳ የሚልክልኝ?» ይላል። በስልክ የሚላክ ስጦታ ነው ብዬ እስካስረዳቸው ጋሽ ማተቤ አልታገሡም። «አንበሳ አላጥሽ በረሃ ሞልቷል፤ መጥቶ ይውሰድ በይው» አሉ። ጻፍኩለት። አባረረን። ሌላው ኳስ የሚጫወት ነው፤ ጎል በገባበት ቁጥር የሰው እናት ይሰድባል። ጋሽ ማተቤ ጣቴ እስኪደነዝዝ በጽሑፍ ገሠጹት። በመጨረሻ አነበበውና የጸሐፊዋን እናት ሰደበ። ደባርቅ ተቀምጣ የሽሮ እህል የምትለቅም እናቴ ምን አደረገችው?

አንድ ሱዳናዊ ግን አገኘን። አብዱረሕማን ይባላል፤ ገዳሪፍ ሆኖ የከባድ መኪና ጌም የሚነዳ ጎልማሳ ነው። ከመተማ ነን ስንለው «ያ ዞል፣ መርሀባ! ጎረቤቶቼ!» ብሎ መሪውን ለቀቀ፤ መኪናውም ገደል ገባ። ሁለት ቀን ሰላምታ ብቻ ተለዋወጡ፤ እሱ በአፉ፣ ጋሽ ማተቤ በኔ ጣት፣ ዓረብኛቸውን በእንግሊዝኛ ፊደል እየጻፍኩላቸው። ዝናቡ እንዴት ነው፣ ከብቱ እንዴት ነው፣ ቤተሰቡ ደኅና ነው ወይ ተባባሉ። በሦስተኛው ቀን ጠፋ። አገሩ ጦርነት ላይ ነው፤ ኔትወርክ ይሁን ሌላ ነገር ይሁን አላወቅንም። ጋሽ ማተቤ ብዙ ቀን «እስቲ ፈልጊው» ሲሉኝ ቆይተው «ኻላስ፣ በቃ፤ እግዜር ይጠብቀው» ብለው ተዉት። እኔ ግን እስከ ዛሬ አንዳንዴ እፈልገዋለሁ።

ሮዳስን ያገኘናት በዚያው ሰሞን ነው። የደብረ ማርቆስ ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ እስክታገኝ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የእርሻ ጌም ይዛ ላይቭ ትገባለች። የሚያያት ሠላሳ ስምንት ሰው ነበር፤ ከኛ ጋር ሠላሳ ዘጠኝ። እኔ «እንደምን ዋላችሁ፤ እኔ ማተቤ ነኝ፣ ከመተማ» ብዬ የለመድኩትን ጽፌ፣ የለመድነውን ዝምታ እየጠበቅሁ ነበር።

«ጋሽ ማተቤ ከመተማ! እንደምን ዋሉ? ግቡ፣ ግቡ፤ ቤት ለእንግዳ!» አለች። «ስምዎ የትልቅ ሰው ነው፤ አንቱ ልበል ወይስ አንተ?»

ጋሽ ማተቤ በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉ። «አንቱ በይ በያት» አሉኝ።

ልጅቷ መንዳት አትችልም። እንዲያው በጭራሽ! በአሥር ደቂቃ ውስጥ ትራክተሩን ሁለት ጊዜ ወንዝ ከተተችው፣ አንድ ጊዜ የጎረቤት በረት ደረመሰች። በተሳሳተች ቁጥር ግን ራሷ ቀድማ ትስቃለች፤ የሚያያትም አብሮ ይስቃል፤ ማንም ማንንም አይሰድብም። ሰው በገባ ቁጥር በስሙ ትጠራዋለች። ወልዲያ ያለችውን አራስ «ማሙሽ ተኛልሽ?» ትላለች፤ ጅግጅጋ ያለውን ፖሊስ ከፈረቃ ስንት ሰዓት እንደወጣ ትጠይቃለች። ቤት ማለት ይሄ ነው።

ጋሽ ማተቤ ሁለት ቀን በትዕግሥት አዩ። በሦስተኛው ፈነዱ። «የማረሻውን ዲስክ ሳታነሺ አትዙሪ በያት! ማርሽ ትቀንስ! ቁልቁለት ላይ ማን አባቱ ነው ፍሪሲዮን ረግጦ የሚንከባለል?» የፈረደብኝ እኔ ጻፍኩ። እሷም ሰማች። ዲስኩን አነሳች፣ ዞረች፣ አወረደች፤ መስመሩ ቀጥ አለ። ሠላሳ ስምንት ሰው በጽሑፍ አጨበጨበ። በሳምንቱ ስማቸው «ጋሼ ፍሪሲዮን» ሆነ። ዘጠኝ ሰዓት ሊደርስ ሲል ፊታቸውን ይታጠባሉ፤ ማንም ለማያየው ፊት ጢማቸውን ይላጫሉ። በሉ። ሳቁ። ግድግዳውንም ማየት ተዉ።

ጉልበቱ ግን እዚያው አልጋ ላይ ነው። ድሮ ቢያንስ ሲሰለቻቸው ይገላበጡ ነበር፤ አሁን ስልኩ እንዳይነቃነቅ ብለው ንቅንቅ አይሉም። ጄሶው ከተፈታ ሦስት ሳምንት አለፈ። ጉልበቱን ልፈትሽ ብሞክር ወይ ፍንክች። ስለ እግራቸው ባነሳሁ ቁጥር «ቆይ፣ ልጅቷ ልትዘራ ነው» ይሉኛል። በገዛ እጄ አንካሳ አደረግኳቸው ብዬ ተንገበገብኩ። ስልኩን በሙቀጫ ልወቅጠው ያሰብኩበት ቀን ነበር።

ግንቦት ማብቂያ ላይ አንድ ቀን ሮዳስ እየተጫወተች ሳለ ከኋላዋ በር ተከፈተ። የዱላ ኳኳታ ተሰማ። ጨዋታውን ጥላ ብድግ አለች፤ ለኛ የታየን ሆዷ ብቻ ነው።

«ኖር አባባ!»

«በእግዜር፣ በእግዜር» አለ የሽማግሌ ድምፅ።

የገቡት አያቷ አባባ ቢሻው ናቸው። የሚያየው ሰው ሁሉ «ኖር»፣ «ኖር አባባ» እያለ ይጽፍ ጀመር። እኔ ያንን ሳነብ አንገረቡ ሲጢጥ አለ። ዘወር ብል ጋሽ ማተቤ ቆመዋል። በሁለት እግራቸው፣ ያለ ክራንች! አንድ እጃቸው ስልኩን፣ አንድ እጃቸው ግድግዳውን ይዟል፤ ላብ በጆሮ ግንዳቸው ይወርዳል። ትልቅ ሰው ሲገባ የሳቸው ትውልድ አያስብም፤ እግሩ ራሱ ነው የሚነሳ።

«ጋሽ ማተቤ» አልኩ ቀስ ብዬ፣ «ስልክ ውስጥ እኮ ናቸው። አያዩዎትም።»

«እኔስ ራሴን አላየውም?»

«ታመዋል። በሽተኛ አይነሳም፤ ይቅር ይላሉ።»

«ምን ብለው ነው ይቅር የሚሉኝ? ከባጃጅ ወድቆ ነው ብለው?»

ታላቅ ሳይቀመጥ ታናሽ አይቀመጥም። አባባ ቢሻው ደግሞ የሚቀመጡ አይነት አይደሉም። መነጽራቸውን ፈለጉ። ሮዳስን ምን እየሠራሽ ነው አሏት፤ መልሱን አልሰሙም፤ እንደገና ጠየቁ። መስኮት ከፈቱ። ዘጉት። «ኧረ ይቀመጡ፣ በማርያም» ይላሉ ጋሽ ማተቤ ጥርሳቸውን ነክሰው። ኋላ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። ጋሽ ማተቤም ወደ አንገረቡ ወረዱ። አንገረብ ዝቅ ያለ ነው፤ ሌላ መቀመጫ መንገድ የለውም፤ ጉልበታቸው ታጠፈ። ያኔ የጮኹት ጩኸት ከድንበሩ ማዶ ጋላባት ሳይሰማ አልቀረም። እኔ በደስታ ልሞት ነበር።

የዚያኑ ዕለት ለሮዳስ በግል ጻፍኩላት። ሁሉን ዘረገፍኩላት፣ ባጃጁንም ጭምር። «እህቴ፣ አባባን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ አስገቢልን። ደግሞ ቶሎ እንዳይቀመጡ» አልኳት። «እነግራቸዋለሁ፤ አባባ ግን እንደ ፈቀዳቸው ናቸው» ብላ መለሰች።

በማግሥቱ አባባ ቢሻው መግባት ጀመሩ። ለራዲዮናቸው ገቡ። ዱላቸውን በእጃቸው ይዘው ዱላቸውን ፍለጋ ገቡ። ስንት ሰዓት ነው ሊሉ ገብተው፣ ሰምተው ወጥተው፣ ያንኑ ሊጠይቁ ተመልሰው ገቡ። በገቡ ቁጥር ደብረ ማርቆስ ላይ «ኖር!» ይባላል፤ መተማ ላይ አንገረብ ሲጢጥ ይላል። በመጀመሪያው ቀን ሦስት ጊዜ ነበር፤ በሳምንቱ ስድስት ደረሰ። «እኒህ ሽማግሌ ሆዳቸውን ያማቸዋል እንዴ? ምነው አንድ ቦታ አይረጉም?» እያሉ ጋሽ ማተቤ ያማርራሉ፤ እያማረሩም ይነሳሉ።

አንድ ቀንማ አባባ ቢሻው ከገቡ በኋላ ኔትወርክ ጠፋ። ጋሽ ማተቤ ቆመው ቀሩ።

«ይቀመጡ እንጂ፤ ተቋርጧል እኮ» አልኳቸው።

«እሳቸው ተቀምጠው ይሆን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«እንግዲያው እኔም አላውቅም» አሉና ሃያ ደቂቃ ሙሉ ግድግዳ ተደግፈው ጠበቁ። ኔትወርኩ ሲመለስ ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው ያንኮራፋሉ። ጋሽ ማተቤ እየተሳደቡ ተቀመጡ። ያን ዕለት ጉልበቱን ስፈትሸው ግማሽ ድረስ ታጠፈልኝ። አልነገርኳቸውም፤ ከነገርኳቸው ተንኮሌ ይገባቸዋል ብዬ ፈራሁ።

ሰኔ አሥር ቀን ዝናቡ ገባ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የስልኩን ድምፅ ሊውጠው ምንም አልቀረውም። ስንሻው የሰጣቸው ቀነ ገደብ አምስት ቀን ቀርቶታል፤ ጋሽ ማተቤ ግን ይነሳሉ ይቀመጣሉ እንጂ ደጃፉን አልረገጡም። ኖር ተባለ፤ ተነሱ። አባባ ቢሻው የዚያን ቀን ወደ ወንበራቸው አልሄዱም። ወደ ስልኩ ቀረቡ፤ መስታወቱን አፍንጫና ነጭ ጢም ሞላው።

«ያ የመተማው ሰውዬ ዳነ ወይስ አልዳነም?» አሉ። «እኔ እኮ ጉልበቴ አለቀ!»

«አባባ!» ብላ ሮዳስ ጮኸች።

«ምን አባባ ትይኛለሽ? በቀን ስድስት ጊዜ ነው የማመላልሳት ይቺን ገላ። ሰማንያ አራት ዓመቴ ነው፤ ሪህ አለብኝ። ከዳነ ዳነ በሉኝ!»

ጋሽ ማተቤ ቀስ ብለው ወደኔ ዞሩ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ሮዳስ ፊቷ ቀልቶ መናገር ጀመረች። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አባባ ካሁን በፊት ለምሳ ወይ መነጽር ፍለጋ ካልሆነ ከአልጋቸው አይወርዱም ነበር። የርስዎን ነገር ስነግራቸው ‹እኔ ስገባ የሚነሳ ሰው ካለማ እገባለሁ› አሉ። ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ነው የሚመጡት።»

እኔ የሚወርድብኝን እየጠበቅሁ ነበር። በአማርኛም በዓረብኛም ሲሳደቡ ሰምቼ ስለማውቅ የቱ እንደሚቀድም አስብ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ስልኩ ተመለሱ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ስልኩ ውስጥ ያሉት ሽማግሌ አሁንም እንደቆሙ ናቸው።

«ጻፊ» አሉኝ። «አባባ፣ ይቀመጡ በያቸው። ይብቃዎት፣ ይቀመጡ። እኔ ቆሜያለሁ በያቸው።»

ጻፍኩ። ፊደሉ አልታይ ብሎኝ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። ሮዳስ ጮክ ብላ አነበበችላቸው። ወንበሩ ተንቋቋ፤ አባባ ቢሻውም በረጅሙ እፎይ አሉ።

«እና መቼ ነው የሚያርሰው?» አሉ ከተቀመጡበት።

ጋሽ ማተቤ ግራ እግራቸውን አነሱ። ጉልበታቸውን አጥፈው የሌለውን ፍሪሲዮን ወለሉ ላይ ረገጡ፣ ለቀቁ፣ እንደገና ረገጡ።

«ነገ በያቸው» አሉኝና ጎንበስ ብለው ከአልጋው ሥር ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ።